ለባዶው ዱካ የተቀዳ ብርዝ

ነፍስ ሦስት ባሕርያት አሏት ብለው አባቶች ያስተምራሉ፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሕያዊትም ናት። ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀው ሁለቱን ነው፤ ያሰበውንና የተናገረውን። ሦስተኛዋ ግን ሳታማክረው ትሠራለች። እግሩን ወደ አንድ መንገድ ትመራዋለች፣ እጁን ወደ አንድ ዕቃ ትዘረጋዋለች፤ እርሱም ከደረሰ በኋላ «እንዲያው መጣሁ» ይላል። ይሁን እንጂ እንዲያው የሚሆን ነገር በዚህ ዓለም ጥቂት ነው። እፀገነት አራጌ ይህን የተረዳችው በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ በአንድ እሑድ፣ በሽማግሌዎች ፊት ባዶ ትሪ ይዛ በቆመችበት ሰዓት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ግን አስቀድሞ ነው፤ እኛም ከዋዜማው፣ ከቅዳሜው እንነሣለን።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በመቱ መናኸሪያ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ይጠብቃል። እፀገነት በከተማው ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ከሁሩሙ አለፍ ብሎ ወደሚገኘው የወላጆቿ መንደር ትሄዳለች። የሥራ ባልደረባዋ ትህትና ሁሩሙ ድረስ አብራት ትሳፈራለች። መኪናው ገና ግማሹም አልሞላም ነበርና ትህትና በግራ በኩል፣ ጥላ ባለበት መስኮት ሥር ተደላድላ ተቀመጠች። እፀገነት ግን ወደ ቀኙ አለፈች፤ የኅዳር ፀሐይ መቀመጫውን እስኪያግል በሚያነድበት በኩል።

«ነይ ወደዚህ! ጥላው በዚህ በኩል ነው እኮ» አለቻት ትህትና።

«እዚህ ይመቸኛል።»

«ፀሐይ እየገረፈሽ ነው የሚመችሽ? እኔ የምለው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አብረን ስንሳፈር አንድ ቀን እንኳ በግራ ተቀምጠሽ አታውቂም። ሰኞ ስንመለስ ደግሞ በግራ ካልሆነ ቆመሽ ብትሄጂ ትመርጫለሽ።»

«እንዲያው ነው።»

«እንዲያው?» ትህትና ሳቀች። «እንዲያው አይደለም። የአጎትሽ ጫካ በዚያ በኩል ስለሆነ ነው።»

«አጎትሽ» ያለችው ለነገር ነበር፤ እፀገነትም ነገሩ ገብቷት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ተይኝ እባክሽ። ነገ ለጌታሰው ሽማግሌዎች ቃሌን እሰጣለሁ። የረሳሁትን ሰው አታንሺብኝ።»

«መርሳትሽን በደብዳቤ አሳውቀሽዋል አይደል?»

«አሳውቄዋለሁ።»

«የረሳሽውን ሰው ስሙንም አድራሻውንም አሟልተሽ ጻፍሽለት ማለት ነዋ!»

ሾፌሩ በመስተዋት እያያቸው ሳቀ። «አንቺ ልጅ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ» አላት። እፀገነትም ሳቀች፤ ከሳቁ በኋላ ግን ከንፈሯ መድረቁን አስተዋለችና ፀሐዩ ነው አለች።

አጎት የተባለውን ሰው ለማያውቅ አንባቢ ታሪኩን ባጭሩ እንንገረው። አራጌ በሰባ ሰባቱ ድርቅ አባቱንና እናቱን በወሎ ቀብሮ፣ በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ሲመጣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበር። አገሩን አያውቅ፣ ቋንቋውን አይሰማ፣ ዘመድ የለው። ያን ጊዜ ደበሳ የሚባል የያዮ ንብ አርቢ ይህን ባይተዋር ልጅ አይቶ አዘነለትና በአገሩ ወግ ልጅ አደረገው። አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ አጠባው። ያን ጣት የጠባ ሰው ከአብራክ እንደ ወጣ ልጅ ይቆጠራል፤ ሲያጣ ይደጎማል፣ ሲሞት ይለቀስለታል። አራጌም ልጅነቱን አላጎደለም። ቤት ሠራ፣ አልጣሽን አገባ፣ እፀገነትን ወለደ፤ በየዓመት በዓሉ ግን ከደበሳ እጅ ሳይባረክ እህል አይቀምስም ነበር።

ኪቲላ የደበሳ የመጨረሻ ልጅ ነው። በጣቱ ሥርዐት የአራጌ ወንድም፣ የእፀገነት አጎት ሆነ። እርሷም «አጎቴ» እያለች አደገች። አንድ ቀን ግን አጎቴ ማለቷን ተወች። ቀኑን እርሷም አታስታውሰው፣ እርሱም አያስታውሰው፤ ሁለቱም ከቆየ በኋላ ነው ያስተዋሉት። ፍቅራቸው በታወቀ ጊዜ አራጌ የጣቱን ክብር አስቦ ደነገጠ፤ ወደ ደበሳ ሄዶ አማከረው፤ ሁለቱም አባቶች በአንድ ቃል ለዩአቸው። ልጆቹም ታዘዙ። እፀገነት «ረስቼሃለሁ፤ አንተም እርሳኝ። ለአባቶቻችን ክብር ስል ከዚህ በላይ አልጽፍም» ብላ ላከች። ኪቲላም በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ «እንዳልሽው ረስቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብሎ መለሰላት። እያንዳንዱ የሌላውን ደብዳቤ አመነ፤ አምኖም ተጎዳ። የሚያስገርመው ግን እያንዳንዱ የራሱንም ደብዳቤ ማመኑ ነው።

ትህትና ሁሩሙ ላይ ወረደች። ሚኒባሱ ከከተማው ወጥቶ አቀበቱን ጨርሶ መንገዱ ጎበጥ በሚልበት ስፍራ፣ በቀኝ በኩል የያዮ ጫካ እንደ ጥቁር ደመና ተዘርግቶ ይታያል። ከዛፎቹ ሁሉ በላይ አንገቱን ያወጣ አንድ ቀረሮ አለ። እፀገነት ወደዚያ አየች። ዝናብ እንዳለ ለማየት ነው ብላ ለራሷ ነገረችው፤ ሰማዩ ግን ከዳር እስከ ዳር ጠርቶ ነበር። መንገዱ ታጥፎ ዛፉ ሲሰወር ለምን እንደሆነ ያላወቀችው ብርድ ትከሻዋን ነካው።

በዚያው ሰዓት በዚያው ቀረሮ ሥር ሁለት ሰዎች ነበሩ። ኪቲላ በመጫኛ ተንጠልጥሎ ላይ ወጥቷል፤ ደበሳ ከታች በሥሩ ላይ ተቀምጦ በበትሩ ተደግፏል። ሽማግሌው በክረምቱ ጉልበቱን ስለ ታመመ የዘንድሮን ቀፎዎች የሰቀላቸው ልጁ ብቻውን ነበር። አሥራ አራት ቀፎ ነው። አሥራ ሦስቱን ሲያንኳኩ ውለዋል፤ ከአንዱም የንብ ድምፅ አልተሰማም። ኪቲላ የመጨረሻውን በጣቱ መታ፣ ጆሮውን አስጠጋ።

«ይኼም ባዶ ነው!» ሲል ጮኸ።

ደበሳ ቀና ብሎ ወደ ቀፎው ሲያይ ቆየ።

«ኢልማ ኮ» አለ በመጨረሻ፤ ልጄ ማለቱ ነው፤ «የቀፎው አፍ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ምሥራቅ ነዋ አባባ። እርስዎ እንዳስተማሩኝ።»

«እስቲ ውረድና ከዚህ ሆነህ እየው።»

ኪቲላ ወረደ። ላቡን ጠርጎ ቀና አለ። ያዘቀዘቀችው ፀሐይ የቀፎውን አፍ ፊት ለፊት ታበራው ነበር።

«ንገረኝ እንግዲህ፤ ይህች ፀሐይ እየወጣች ነው ወይስ እየገባች?»

ልጁ በግማሽ ሩጫ ወደ ቀጣዩ ዛፍ ሄደ፣ ከዚያም ወደ ሌላው፤ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። በየዛፉ ሲወጣ ያንኳኳው ጎናቸውን እንጂ አፋቸውን አላየም ነበር። አሥራ አራቱም ወደ ምዕራብ ያያሉ። የክረምቱ ነፋስና ዶፍ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ማንም ንብ አርቢ በዚያ በኩል የቀፎ አፍ አይከፍትም። ንብ አፉ ዝናብ የሚቀበል ቤት አይገባምና።

«ወደ ምሥራቅ መስሎኝ ነው» አለ ኪቲላ። «በእግዚአብሔር ስም አባባ፣ ወደ ምሥራቅ መስሎኝ ነው የሰቀልኩት።»

«አንዱ ቢሆን ስሕተት ነው እል ነበር። ከሰባት ዓመትህ ጀምረህ ስትሰቅል አንድም ቀን አዙረህ አታውቅም።»

ደበሳ በበትሩ ተደግፎ ተነሣ፤ ጀርባውን ለዛፉ ሰጥቶ ቀፎው ወደሚያይበት ማየት ጀመረ። ከቡናው ዛፎች ባሻገር፣ በቁልቁለቱ ግርጌ፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ያበራል። የአራጌ ቤት ነበር። ሽማግሌው ቤቱን አየ፤ ከዚያም ልጁን አየ። ኪቲላም ያን ጊዜ አባቱ የሚያየውን ተከትሎ አየ። ፊቱ የሰረቀ ሰው ፊት አልነበረም፤ የተሰረቀበት ሰው ፊት ነበር።

«ምዬልዎት የለም? ትቻታለሁ ብዬ ምያለሁ። እውነቴን ነው። አላሰብኩትም።»

«አውቃለሁ። አስበኸው ቢሆን ኖሮ ትደብቀው ነበር።»

«አሁኑኑ ላዙራቸው?»

«ተዋቸው። ነገ ከአራጌ ቤት እስክመለስ አንዱንም እንዳትነካ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ደበሳ ከፊት እየሄደ አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶቹ መካከል ጨብጦ ነበር፤ ምን እንደያዘ እንጂ ምን እንደሚፈራ ገና አላወቀም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአራጌ ቤት ተጠርጎ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ እንግዶቹን ተቀበለ። የጌታሰው ሽማግሌዎች ሁለት ናቸው፤ መገርሳና አብደታ። ጌታሰው ራሱ በሁሩሙ አስተማሪ ነው፤ ቁጥብና መልካም ጠባይ ያለው ሰው። ነገሩ ዛሬ ያልቃል ስለተባለ ጉልበት ለመሳም አብሯቸው መጥቷል። ደበሳ የአራጌ አባት ነውና በላይኛው ወንበር ተቀመጠ። ከእነዚህ ጋር አራጌ ሲጨመር በክፍሉ ውስጥ አምስት ሰው ነበር።

ከበሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ዱካ አለ፤ ባዶውን። ኪቲላ ማር ቆርጦ በመጣ ቁጥር ልብሱ ጭስ ጭስ ስለሚል እንግዳ እንዳያስቸግር በዚያ ላይ ይቀመጥ ነበር። ከተለየ ሁለት ዓመት ሆነው። አልጣሽ ቤት ስትጠርግ ዱካውን ታነሣዋለች፤ ጠርጋ ስትጨርስ ደግሞ እዚያው ትመልሰዋለች። ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው የለም፤ እርሷም ራሷን አልጠየቀችም።

መገርሳ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ።

«እንግዲህ አቶ አራጌ፣ ስንመጣ ይህ ሦስተኛችን ነው። በመጀመሪያው ‹እንመካከር› አላችሁን፤ እሺ አልን። በሁለተኛው ‹ዘመድ ይጠየቅ› አላችሁን፤ እሺ አልን። ዛሬም የሚጠየቅ ዘመድ ቀርቶ ከሆነ እባካችሁ እዚሁ ይጠራልን፤ በአቀበቱ ጉልበታችን አለቀ።»

ሁሉም ሳቁ። አራጌም ፈገግ ብሎ «የሚጠየቀው ዘመድ አባቴ ናቸው፤ ይኸው አሉ። የቀረው የልጅቱ ቃል ነው። በቅድሚያ ጉሮሯችሁን አርጥቡ፤ ከዚያ እናንተው ጠይቋት» አለ።

እፀገነት በትሪ ላይ ብርሌ ደርድራ ከጓዳ ወጣች። ብርዙ ወርቅማ ሆኖ በብርሌዎቹ አንገት ያበራል። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ እርምጃዋ የረጋ ነው። ሌሊቱን ጸልያ ልቧን አሳምና አድራለችና የምትሰጠውን ቃል ታውቀዋለች። በቅድሚያ ለደበሳ ዝቅ ብላ ሰጠች። ቀጥላ ለመገርሳ፣ ለአብደታ፣ ለጌታሰው። ከዚያ ለአባቷ። ከዚያም ወደ በሩ ሄዳ፣ በዚያው እርጋታ ዝቅ ብላ፣ ስድስተኛውን ብርሌ በዱካው ላይ አስቀመጠችና ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ጓዳው በር ተመለሰች።



አብደታ ዞር ብሎ ዱካውን አየ፤ ከዚያ በሩን አየ። «የሚመጣ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ነገር ፈልጎ አልነበረም።

በጓዳው መጋረጃ ሥር ቆማ የነበረችው አልጣሽ አፏን በእጇ ያዘች።

«ልማድ ነው» አለ አራጌ ፈጠን ብሎ። «ከልጅነቷ ጀምራ በዚያ ቦታ ስትቀዳ ነው ያደገችው። እጇ ለምዶ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።»

«በዚያ ዱካ ላይ ሰው ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ አራጌ» አለ ደበሳ ዝግ ባለ ድምፅ። «የማይመገብ ልማድ በሁለት ዓመት ይሞታል። ይህንን ሲመግበው የኖረ አለ። እስቲ እርሷን ጠይቃት።»

አራጌ ወደ ልጁ ዞረ። መቆጣት ፈልጎ ነበር፤ የወጣው ድምፅ ግን የቁጣ አልነበረም።

«እፀገነት፣ ያ ብርሌ የማን ነው?»

እርሷ ያን ጊዜ ገና ወደ ዱካው አየች። አየችና ቆየች። ብርዙ ገና አልረጋም ነበር፤ በላዩ ትናንሽ አረፋዎች አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ጓዳ ውስጥ ስድስት ጊዜ ማጎንበሷን፣ ስድስት ጊዜ መቅዳቷን አሰበች። አምስት ብላ ቆጥራ ነበር የጀመረችው።

«አላወቅሁም አባዬ» አለች።

«እንዴት አላወቅሽም? የቀዳሽው አንቺ ነሽ!»

«ስቀዳው አላወቅሁም።» ድምፅዋ ወረደ። «አሁን ሳየው ግን አወቅሁ።»

መገርሳ ብርሌውን ሳይቀምሰው መሬት አስቀመጠ። «የፈጣሪ ያለህ!» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ሦስት ጊዜ ያንን አቀበት የወጣነው ከዱካ ጋር ለመፎካከር ነው?» የሳቀለት አልነበረም፤ እርሱም ለማሳቅ አልተናገረውም።

አራጌ ከመቀመጫው ተነሥቶ በደበሳ ፊት ቆመ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ባይተዋር መሰለ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጄ በፊትዎ አሳፈረችኝ። እኔ የእርስዎን ጣት ጠብቻለሁ። ልጅዎ ወንድሜ ነው። ይህን ባፈርስ እኔ ማን ነኝ? በዚህ አገር ያለኝ ሥር ያ ጣት ብቻ ነው።»

«ተቀመጥ» አለ ደበሳ።

«አባቴ...»

«ተቀመጥ፣ ኢልማ ኮ። የሚያሳፍር ነገር ካለ የእኔ ይብሳል።»

አራጌ ተቀመጠ። ሽማግሌው በትሩን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ሁለት እጁን ደረበበት።

«ትናንት ከቀፎዎቼ ሥር ነበርሁ። ዘንድሮ ማር የለም። ልጄ አሥራ አራቱንም ወደዚህ ቤት አዙሮ ሰቅሏቸው ዝናብ ገባባቸው። ማዞሩን አላወቀም ነበር፤ እንደዚህች ልጅ እርሱም ሲያየው ነው ያወቀው። እኔም ወደ ቤት ስሄድ ራሴን ጠየቅሁ። ልጆቹ ሳያውቁ እንዲህ ካደረጉ፣ አንተስ ደበሳ፣ ሳታውቅ ያዞርከው ቀፎ የለህም ወይ? አልኩ። ማታ አገኘሁት።»

ደበሳ ወደ አራጌ ዞረ።

«ጣቴን ያጠባሁህ ቀን እናቴ በሕይወት ነበረች። ማሩን የቀባችልኝ እርሷ ናት። ‹ዘሩም ይጨመራል ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ‹ለእርሱ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ዕጣቸውን ራሳቸው ይምረጡ› አልኳት። ያልኩት በኦሮምኛ ነው። አንተ ያን ጊዜ ቋንቋውን አትሰማም ነበር። የደረሰህ ማሩ ብቻ ነው።»

አራጌ ወደ ፊት ጠጋ አለ። «ታዲያ... ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?»

«ረስቼው ነበር። ባለቤቴ ሽብሬ ያን ጊዜ ቆማ ሰምታለች። ልጆቹን በለየን ሰሞን ‹አንተ ሰው፣ እንዲህ ብለህ ነበር እኮ› አለችኝ። ‹አርጅተሽ ነው፤ አልወጣኝም› ብዬ ተቆጣኋት። ውሸቴን አልነበረም። በእውነት ረስቼው ነበር።» አውራ ጣቱን አየ። «ለምን እንደረሳሁት ግን ትናንት ገባኝ። በእኛ ወግ ሶዳ፣ በልጅ ጋብቻ የተዛመደ ሰው፣ ይከበራል፣ ይታፈራልም። ሲመጣ ወንበር ይለቀቅለታል፤ ሳይጠራ ግን አይመጣም። አንተ ሳታንኳኳ የምትገባ ልጄ ነህ። ከድስቴ ራስህ ከፍተህ ትበላለህ። ሶዳ ከሆንክ በሬን ታንኳኳለህ ብዬ ፈራሁ። ያ ፍርሃት መሐላ መስሎ ታየኝ፤ በመሐላው ስም ልጆቹን አሰርኳቸው።»

በዚህ ጊዜ ጌታሰው ተነሣ። ሁሉም የሚቆጣ መሰላቸው። እርሱ ግን ወደ ደበሳ ሄዶ ዝቅ አለና ጉልበቱን ሳመ፤ ቀጥሎም የአራጌን።

«ጉልበት ልስም ነው የመጣሁት፤ ሳልስም አልሄድም» አለ። ከዚያ ወደ እፀገነት ዞረ። «ሁለት ጊዜ ከመቱ አብረን ተሳፍረናል። ሁለቱንም ጊዜ ፀሐይ ፊትሽን እየመታው በቀኝ በኩል ተቀመጥሽ። እኔ በጥላው ብቻዬን ተቀምጬ ‹እንዴት ያለች ፀሐይ ወዳድ ሴት ናት› እያልኩ ነበር።» ሊስቅ ሞከረ። «የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ መደመር ነበረብኝ።»

«ጌታሰው፣ አላታለልኩህም» አለች እፀገነት።

«አውቃለሁ። ብታታልዪኝ ኖሮ ትጠነቀቂ ነበር።» ኮፍያውን አነሣ። «እትዬ አልጣሽ፣ ብርዙ መልካም ነበር። አባቶቼ፣ እንነሣ።»

ሽማግሌዎቹ ተነሡ። አብደታ በበሩ ሲያልፍ ብርሌው እንዳይደፋ ጋቢውን ሰብስቦ ዱካውን ዞሮት ወጣ። እፀገነት ይህን እስክታይ ድረስ አላለቀሰችም ነበር። አሁን እንባዋ ወረደ፤ ለማን እንደሚወርድ ግን፣ ለሄደው ይሁን ለሌለው፣ መለየት አልቻለችም።

አራጌ የተጎነጨውን ብርሌ በእጁ እያዞረ ብርዙን ያያል። ሰላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድ የማር ጣዕም በአፉ ይዞ ኖሯል፤ ያ ጣዕም ባይተዋርነቱን ያበቃበት ነበርና ማንም ሊነካበት አይፈልግም ነበር። አሁን ጣዕሙን አጥቶ እንደሆነ ለማወቅ ፈልጎ ይመስላል፣ ብርሌውን አንሥቶ ጠጣ። ከዚያም አባቱን አየ።

«ሶዳ ብሆንም አላንኳኳም» አለ።

ደበሳ ራሱን ዝቅ አድርጎ እሺታውን ገለጸ፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

አራጌ ወደ ጓዳው ዞረ። «አልጣሽ!» ብሎ ተጣራ። «በዱካው ላይ ያለውን ብርሌ ክደኚው። ባለቤቱ እስኪመጣ ዝንብ እንዳይገባበት።»

አልጣሽ ንጹሕ ጨርቅ ይዛ ወጣች። የብርሌውን አፍ ስትከድን እጇ ዘገየ፤ በዚያች ቤት ውስጥ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የበሩ ማዕዘን ባዶ አልመሰለም።

ሰኞ ማለዳ ኪቲላ መጫኛውን በትከሻው አድርጎ በቀረሮው ሥር ቆሞ ነበር። በአራጌ ቤት ያደረው አባቱ በቀስታ ሲመጣ አየው፤ ሊሮጥ ፈለገ፤ አልሮጠም። የሚሰማውን አስቀድሞ በልቡ ተቀብሎት ነበርና ፊቱን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አደላድሏል።

«ደኅና አደሩ አባባ? ቃል ሰጠች?»

ደበሳ በሥሩ ላይ ተቀመጠ፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ።

«ብርዝ ጠጣን» አለ።

«ከዚያስ?»

«አምስት ሰው ነበርን። ስድስት ብርሌ ተቀዳ።»

ኪቲላ አልገባውም። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባው፤ በመጫኛው ላይ የነበረ እጁ ቆመ።

«ስድስተኛው የት ተቀመጠ?»

«በበሩ አጠገብ።»

«ማን ጠጣው?»

«ማንም አልጠጣው። አራጌ ራሱ አስከድኖታል። ብርዝ እንደሆነ ሲያድር ጠጅ ይሆናል፤ ብዙ ከዘገየህ ያሰክርሃል።»

ልጁ፣ አባቱ ያን ሁሉ ነገር በአንድ ጠዋት ሊነግረው እንደማይችል አውቆ አልጠየቀም። ቀና ብሎ ወደ ምዕራብ የሚያየውን ባዶ ቀፎ ተመለከተ።

«አሁን ላዙራቸው?»

«አዙራቸው» አለ ደበሳ። «ቀፎው ወደ ምሥራቅ ይይ። ወደ ምዕራቡ ግን አንተው ራስህ ሂድ።»

ኪቲላ መጫኛውን በግንዱ ዙሪያ አዙሮ መውጣት ጀመረ። ቀፎው ዘንድ ሲደርስ አፉን ወደ ፀሐይ መውጫ መለሰው። ከመውረዱ በፊት ግን በቅርንጫፉ ላይ ተደግፎ ዞር አለ፤ የቆርቆሮውን ጣሪያ ፈልጎ አገኘው። ከዚያ በፊት በዚያ አቅጣጫ ስንት ጊዜ እንዳየ አያውቅም። ይህችን አንዷን ጊዜ ግን እያወቀ አየ።